የወጣቶች ደሴት፦ ኢትዮጵያውያን ልጆች የተማሩባት የኩባ ምድር

«ኩባ» ሲባል ብዙ የኢትዮጵያ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወታደር ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ በምሥራቅ ግንባር የተዋጋው የኩባ ወታደር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጉዞው ተገላበጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከኢትዮጵያ ተነሥተው ወደ ኩባ ሄዱ። የሄዱት ጠመንጃ ይዘው ሳይሆን ደብተርና እርሳስ ሊይዙ ነው። ያረፉትም በካሪቢያን ባሕር ውስጥ በምትገኝ፣ «የወጣቶች ደሴት» በምትባል ቦታ ነው።

ይህ ጽሑፍ ደሴቲቱ የት እንደምትገኝ፣ ትምህርት ቤቶቿ እንዴት እንደተቋቋሙ፣ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚጠብቀው፣ የእናቱን ቋንቋ እንዴት እንደያዘና በኋላ የልጆቹ ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ያስረዳል።

ደሴቲቱ የት ናት?

ኩባ ራሷ ደሴት ናት። ከዋናው የኩባ ምድር በስተ ደቡብ፣ ባሕሩን ተሻግሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሌላ ትንሽ ደሴት አለች። እርሷ ናት የወጣቶች ደሴት። ስፋቷ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ሐይቅን ለሚያውቅ ሰው ከጣና ታንሳለች ቢባል ይገባዋል። ዋና ከተማዋ ኑዌቫ ኼሮና ትባላለች።

ክሪስቶፎር ኮሎምበስ በሁለተኛው ጉዞው በ1494 እ.ኤ.አ. ደርሶባታል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የባሕር ወንበዴዎች መሸሸጊያ ነበረች። የጥድ ዛፍ ስለሚበዛባት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሟ «የጥድ ደሴት» ነበር። እስፓኝ ኩባን ስትገዛ የማትፈልጋቸውን ሰዎች በግዞት የምታስቀምጠው በዚያ ነበር። የኩባ ነፃነት አባት የሚባለው ኾሴ ማርቲ ገና ወጣት ሳለ በ1870 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ተልኳል።

በደሴቲቱ ላይ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ትልቅ እስር ቤትም አለ። አምስት ክብ ክብ ሕንፃዎች ናቸው። ፊደል ካስትሮ ሥልጣን ከመያዙ በፊት፣ ከ1953 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የታሰረው እዚያ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እንግዲህ የግዞትና የእስር ቤት የነበረች ደሴት ናት ኋላ የትምህርት ደሴት የሆነችው።

ትምህርት ቤቶቹ እንዴት ተቋቋሙ?

የካስትሮ መንግሥት በ1959 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሲይዝ ደሴቲቱ ሰው የሳሳባት ነበረች። መንግሥቱ ወጣቶችን እየላከ መሬቱን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት አስተከለው። ግሬፕፍሩት ማለት በዕብራይስጥ ኤሽኮሊት የምንለው ፍሬ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በእርሻዎቹ መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ እንደ እስራኤል ፕኒሚያ ማለት ነው። ኩባውያን «የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት 500 ወይም 600 ያህል ተማሪ ይይዛል። ሕንፃዎቹ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በመጣ ሲሚንቶ የተገጣጠሙ ፎቆች ሲሆኑ፣ ሁሉም በመልክ ይመሳሰላሉ።

የትምህርቱ ሐሳብ ግማሽ ቀን መማር፣ ግማሽ ቀን መሥራት ነው። ሐሳቡ ከኾሴ ማርቲ ጽሑፎች እንደተወሰደ ኩባውያን ይናገራሉ። በተግባር ሲታይ ደግሞ ለመንግሥቱ ሁለት ነገር ያስገኛል፦ ልጁ ይማራል፣ ፍሬውም ይለቀማል።

ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባ የሌላ አገር ልጆችን መቀበል ጀመረች። መጀመሪያ የመጡት ከሞዛምቢክና ከአንጎላ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ከናሚቢያ መጡ። በካሲንጋ የስደተኞች ሰፈር ላይ በዚያው ዓመት ከደረሰው እልቂት የተረፉ ልጆችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በ1979 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ደረሱ። ከኮንጎ፣ ከጊኒ ቢሳው፣ ከምዕራብ ሰሃራ፣ ከኒካራጓና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ነበሩ። ደሴቲቱም በ1978 እ.ኤ.አ. «የወጣቶች ደሴት» ተብላ አዲሱን ስም አገኘች።

ኢትዮጵያውያን ልጆች ለምን ሄዱ?

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ገባ። በዚያ ጦርነት ብዙ የኢትዮጵያ ወታደርና ሚሊሻ ወደቀ። ሚሊሻው ደግሞ አብዛኛው ከእርሻው ተነሥቶ የዘመተ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ገበሬ ነው። ኩባ 15 ሺህ ያህል ወታደር ልካ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ሆነ፤ ጅጅጋም ተመለሰች። በጦርነቱ ከሞቱት መካከል ከ160 በላይ ኩባውያን ይገኛሉ። አዲስ አበባ ላይ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የ«ትግላችን» ሐውልት ለእነርሱና ለኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ ነው።

ድሉ ሲከበር በየገጠሩ አባታቸው ያልተመለሰ ልጆች ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከእነዚህና ከሌሎች ችግረኛ ልጆች መካከል እየመረጠ ወደ ኩባ ላከ። ወጪውን የቻለችው ኩባ ናት፦ ማደሪያውን፣ ልብሱን፣ ምግቡን፣ ሕክምናውን፣ መጽሐፉን። ልጆቹ የመጡት ከተለያዩ ክፍላተ ሀገር ነው። ደጋም ቆላም አለ፤ ክርስቲያንም እስላምም አለ። አብዛኞቹ ባሕር የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

የቀኑ አዋዋል

ጧት ደወል ይደወላል። ተማሪዎች አልጋቸውን አንጥፈው፣ ተጣጥበው፣ ቁርሳቸውን በልተው ለሰልፍ ይወጣሉ። በሰልፉ ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ የቀኑ ዜና ይነበባል። ከዚያ ተማሪው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ክፍል ሲገባ ግማሹ ወደ እርሻ ይሄዳል። ከምሳ በኋላ ይለዋወጣሉ። ማታ ጥናት አለ፤ ከጥናት በኋላ መኝታ።

የእርሻው ሥራ አረም መንቀልና ፍሬ መልቀም ነው። ለገበሬ ልጅ ሥራው አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት ሌላው ነገር ነው፦ ሥራው በሰዓት ይለካል፣ የሚለቀመው ፍሬ የአባቱ አይደለም፣ ማታም ወደ እናቱ ቤት አይገባም።

ይህ የሥራ ክፍል ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዶች ልጅ ሥራ ወዳድ ሆኖ እንዲያድግ ይረዳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጆችን እንደ ጉልበት ሠራተኛ መጠቀም ነው፣ ትምህርቱም የፖለቲካ ስብከት ተጨምሮበታል ብለው ይነቅፋሉ። ማርክሲዝም በትምህርቱ ውስጥ እንደነበረ አይካድም፤ ሁለቱም መንግሥታት የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

አየሩና ምግቡ

የኩባ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ወራቱ ይቀራረባል። ነገር ግን የደጋው ልጅ እንደለመደው ጋቢ የሚያስደርብ ዝናብ አይደለም። ሞቃት ዝናብ ነው፤ ካባራም በኋላ አየሩ ይታፈናል፣ ልብስ በላብ ይጣበቃል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ከባሕሩ ላይ የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ያሠጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. «ጉስታቭ» የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መትቶ እጅግ ብዙ ቤት አፍርሶባታል።

ሰዓቱም ይለያል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በኩባ ገና ረፋድ ነው። እናት የማታ እሳቷን ስትለኩስ ልጇ የጧት ትምህርት ላይ ነው።

የምግቡ መሠረት ሩዝና ባቄላ መሳይ ጥቁር አደንጓሬ ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ የሚጠበስ ሙዝ፣ እንቁላልና ዓሣም አለ። እንጀራ የለም፣ በርበሬ የለም። የኩባ ሰው ቅመሙ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ነው እንጂ የሚያቃጥል ነገር አይወድም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአሳማ ሥጋ ነው። በኩባ የአሳማ ሥጋ የድግስ ምግብ ነው፤ እንግዳ የሚከበርበት ነው። ከኢትዮጵያ ለመጣ ልጅ ደግሞ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያልተበላ ነገር ነው። ለአንዱ ክብር የሆነው ለሌላው ነውር ሲሆን፣ ልጅ ብቻውን በእንግዳ ገበታ ፊት መወሰን አለበት። ይህን ከአገር አገር የተሻገረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አዲሱ ቋንቋ

ልጆቹ ሌላውን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ስፓኒሽ መማር ነበረባቸው። እንደ ኡልፓን ያለ ትምህርት ነው፤ ልዩነቱ ተማሪዎቹ ልጆች መሆናቸውና ቀኑን ሙሉ በቋንቋው ተከብበው መዋላቸው ነው። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» እንደሚባለው፣ በልጅነት የገባ ቋንቋ ቶሎ ሥር ይሰድዳል።

አማርኛ የሚችል ልጅ ስፓኒሽ ሲማር የሚያግዙት ነገሮች አሉ። ስፓኒሽ «ኘ» የሚለው ድምፅ አለው፤ ብዙ የውጭ ሰው ይህን ድምፅ ለማውጣት ይቸገራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን «ማኛና» ማለት ቀላል ነው። የቃሉም ትርጉም ደስ ይላል፦ «ማኛና» ማለት ነገም ነው፣ ጧትም ነው። በእኛም «ነገ» እና «ንጋት» የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው።

ሁለተኛው፣ ማጥበቅና ማላላት ነው። በአማርኛ «ገና» ስናላላው «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ስናጠብቀው በዓሉ ይሆናል። በስፓኒሽም «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ነው፤ «ረ» ን አጥብቀው «ፔርሮ» ሲሉት «ውሻ» ይሆናል። ጆሮው ጠብቆና ላልቶ መስማትን የለመደ ልጅ ይህን ቶሎ ይይዛል።

ሦስተኛው፣ ከድሮ ንግድ ጋር የዞሩ የጋራ ቃላት ናቸው። ስኳር በስፓኒሽ «አሱካር» ነው፣ ሎሚ «ሊሞን»፣ ሩዝ «አሮስ»። ስኳር፣ ሎሚና ሩዝ ደግሞ በኩባ ምድር ዕለት ዕለት የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

አስቸጋሪውም አለ። ኩባውያን ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ፤ የቃሉን መጨረሻም ይውጡታል። በመጽሐፍ የተማረውን ልጅ በመንገድ ላይ ሲሰማው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። ለኩባዊው መምህር ደግሞ የልጆቹ ስም አስቸጋሪ ነው፤ «ጸ»፣ «ጠ» እና «ቀ» በስፓኒሽ ስለሌሉ ጸሐይና ጥላሁን የሚባሉ ስሞች በአፉ ላይ ይለወጣሉ።

አክብሮቱም የተለየ ነው። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው። ኩባውያን ግን «አንተ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ተማሪ መምህሩን «አንተ» ቢል ብዙ ጊዜ ነውር አይሆንም። መምህር ሲያልፍ ተነሥቶ ለመቆም ለተቀጣ ልጅ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

አማርኛው እንዴት ተጠበቀ?

የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ከብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚለዩበት አንድ ደንብ ነበራቸው። የየአገሩ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ከአገራቸው የመጡ መምህራንም አብረዋቸው አሉ። ሒሳቡንና ሳይንሱን ኩባውያን በስፓኒሽ ያስተምራሉ። የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ግን የራሳቸው አገር መምህራን ያስተምሯቸዋል። የኢትዮጵያ ልጆችም አማርኛን ከኢትዮጵያውያን መምህራን ተማሩ። ፊደል ገበታው ባሕር ተሻግሮ ሄደ ማለት ነው።

የዚህ ደንብ ዋጋ በኋላ የሚታይ ነው። ልጅ በእንግዳ አገር አዲስ ቋንቋ ሲይዝ አሮጌው በራሱ አይቆይም። የሚናገረው ሰው፣ የሚጽፍበት ደብተር፣ የተመደበ ሰዓትና የሚያርመው መምህር ይፈልጋል። እነዚህ ካሉ ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ሌላውን ሳይገፋ አብረው ያድጋሉ። ከሌሉ ግን ልጁ የሚሰማው እንጂ የማይመልስበት ቋንቋ ይሆናል፤ ከዚያም የማይሰማው። ልጆቻቸውን ወደ ፕኒሚያ የላኩ ወላጆች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ደንቡ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ከልጆቹ መካከል የእናታቸው ቋንቋ አማርኛ ያልሆነ ነበሩ። ለእነርሱ አማርኛም እንደ ስፓኒሽ ከመምህር የሚያገኙት ትምህርት ነበር። በቤት የተናገሩት ቋንቋ በደሴቲቱ ላይ መምህር አልነበረውም።

ደብዳቤና ናፍቆት

በዚያን ጊዜ ስልክ ለገጠር ሰው የማይታሰብ ነበር። የነበረው ደብዳቤ ነው። እርሱም ከደሴቲቱ ወደ ሃቫና፣ ከሃቫና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ አውራጃው ሲጓዝ ጊዜ ይወስዳል። ደርሶም እናት ማንበብ ካልቻለች ሌላ ሰው ያነብላታል፤ መልሱንም ሌላ ሰው ይጽፍላታል። ለልጇ ልትለው የፈለገችውን ሁሉ በሰው ፊት ማለት አትችልም።

የሚገርመው፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ልጆቹ በኩባ ስፓኒሽ ሲቆጥሩ፣ በኢትዮጵያ ብዙ እናቶችና አባቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሀ ሁ ይቆጥሩ ነበር። ኩባ ራሷ እንዲህ ያለ ዘመቻ በ1961 እ.ኤ.አ. አካሂዳ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንበብ የማይችለው ሕዝቧ ከመቶ 23 ገደማ የነበረው ከመቶ 4 በታች ወረደ። ለአንዳንድ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የልጇን ደብዳቤ ራሷ ያነበበች እናት ከዚያ ወዲያ መካከለኛ አያስፈልጋትም።

ከዚያ በኋላስ?

የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ትምህርቱ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በደሴቲቱ ላይ የጨረሱት ወደ ዋናው የኩባ ምድር እየተሻገሩ በሃቫናና በሌሎች ከተሞች በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ መምህር ሆነው የወጡ ብዙ ናቸው።

ነገር ግን የላካቸውም የተቀበላቸውም ዓለም ተለወጠ። የኩባ ጦር በ1989 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። በዚያው 1991 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ኩባ ነዳጇንና ብዙውን ሸቀጧን የምታገኘው ከሶቪየት ስለነበር ችግር ላይ ወደቀች። ኩባውያን ያንን ጊዜ «ልዩ ዘመን» ይሉታል፤ መብራት የሚጠፋበት፣ አውቶቡስ የሚቆምበት፣ ምግብ የሚመጠንበት ዘመን ነበር። የውጭ ተማሪ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፤ በደሴቲቱ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ።

በዚያን ጊዜ ገና በኩባ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በሁለት ወንበር መካከል ቀሩ። የላካቸው መንግሥት የለም፤ የያዛቸው መንግሥት ራሱን ማብላት ተስኖታል። ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አንዳንዶቹ በኩባ ቀሩ፤ ትዳርም ያዙ። ሌሎቹ ወደ ሦስተኛ አገር ተሻገሩ።

የተመለሱትም የተመለሱት ወደ ተዉት ቤት አልነበረም። በልጅነታቸው የወጡበትን ቤት ጎልማሳ ሆነው ነው ያገኙት። እናት አርጅታለች ወይም የለችም፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለቀም ቤተሰብ ነበር። ወንድምና እህት ተለውጧል። አማርኛውን የያዘ ሰው ቢያንስ ከተረፉት ጋር ተቀምጦ የሆነውን መስማትና መናገር ቻለ። መምህራኑ በደሴቲቱ ላይ ያስተማሩት ፊደል ጥቅሙ በዚህ ቀን ታየ።

ዛሬ

በአዲስ አበባ «ኢትዮ ኩባ» እየተባሉ የሚጠሩ፣ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በስፓኒሽ የሚጨዋወቱ ሰዎች አሉ። ዕድሜያቸው አሁን ከሃምሳ አልፏል። አንዳንዶቹ በሕክምናና በምሕንድስና ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ቋንቋውን ይዘው በአስተርጓሚነትና በአስጎብኚነት እንጀራቸውን ያበስላሉ።

ኩባም የውጭ ተማሪ መቀበሏን ጨርሶ አልተወችም። በ1999 እ.ኤ.አ. ከሃቫና ምዕራብ፣ በባሕር ዳር ላይ፣ የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ከድኻ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች ያለ ክፍያ ሕክምና ይማሩበታል፤ ስፓኒሽ የማይችል ተማሪም መጀመሪያ ቋንቋውን ይማራል።

የወጣቶች ደሴት ራሷ ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። የብርቱካንና የግሬፕፍሩቱ እርሻ እንደ ቀድሞው አይደለም። ከትምህርት ቤቶቹ ሕንፃዎች ገሚሶቹ ለመኖሪያና ለሌላ ሥራ ውለዋል፤ ገሚሶቹ ባዶ ቆመዋል። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ በአንድ ዘመን የኢትዮጵያ ልጆች ጧት «ማኛና» ማለት ተምረዋል፤ በሌላው ሰዓት ደግሞ በዚያው ክፍል ሀ ሁ ጽፈዋል።